በቦዩ ውሃ ብቻ እንዲወርድ

ጎርፉ ቤቴ የገባው በነሐሴ ወር፣ ከምሳ በኋላ፣ የስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው። ቤቴ ቂርቆስ ውስጥ፣ ቁልቁል በሚወርድ ቅያስ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከላይ የሚመጣ ዝናብ ሁሉ በደጄ ያልፋል። በቅያሱ ዳር በሲሚንቶ ክዳን የተሸፈነ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ከላይኛው አስፋልት ይነሳና በኔ ደጅ አድርጎ ከኋላችን ወዳለው ወንዝ ይገባል። ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ውሃ ቤት መግባቱ አዲስ ነገር አልነበረም። በባልዲ አስወጣለሁ፣ ወለሉን አደርቃለሁ፣ በቃ። የዚያን ቀን የገባው ግን ሌላ ነበር። ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ ቀለሙ የሚቀያየር ነገር ያብረቀርቃል፤ ሽታው የናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ነሐሴ ለኔ የዩኒፎርም ወር ነው። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት የሰፈሩ እናቶች ሁሉ እኔን ነው የሚይዙት። የቆረጥኩትን ጨርቅ በየልጁ ልክ ጠቅልዬ፣ ቤቱ ስለጠበበኝ ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፌ ደርድሬው ነበር። ከወንበሬ ተነስቼ እስካነሳው ውሃው ቀደመኝ። ሰማያዊው የሱሪ ጨርቅም፣ ነጩ የሸሚዝ ጨርቅም ያንን ጥቁር ነገር ጠጣው። አንዱን ጥቅል አንስቼ ስጨምቀው በጣቶቼ መሃል የወረደው ዘይት ነው።

ከፊት ለፊቴ ያለችው ጎረቤቴ ቀሚሷን ሰብስባ እየተንቦራጨቀች መጣች። በሯ ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ፣ ድምጿ ከቅያሱ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ፣ ሲቸግረኝ ከገዛ እህቴ በፊት የምጠራት ሴት ናት።

"አንቺ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?" አለችኝ በሻርፗ አፍንጫዋን ይዛ።

"ጋራዥ ነው" አልኳት።

ሁለታችንም ቀና ብለን የቅያሱን አናት አየን። ሰፈራችን ውስጥ ጋራዥ አንድ ብቻ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ክፉ ቃል የምንናገራቸው ሰው አይደሉም።

እሳቸውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው፣ ከጎማ ጥገና ተነስተው፣ በቅያሱ አናት አስፋልቱ ጋ ያለውን ጋራዥ በገዛ እጃቸው ያቆሙ ሰው ናቸው። የእድራችንም ሰብሳቢ ናቸው። ባሌ ታሞ በነበረ ጊዜ፣ ለጥገና የመጣ መኪና ሁሉ ቆሞ እየጠበቃቸው፣ ሥራቸውን ጥለው በራሳቸው መኪና ከሆስፒታል ሆስፒታል ያመላለሱን እሳቸው ናቸው። ሲሞትም ድንኳኑ መተከሉን ቆመው ያዩ፣ ቀብር ላይ ጉልበቴ ሲከዳኝ ክንዴን ይዘው ያቆሙኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሠራተኞቻቸው ቱታ በተቀደደ ቁጥር ለኔ ይልኩልኛል። ቱታውን ለመጣፍ ብቻ አልነበረም የሚልኩት፤ ሥራ ፈትቼ እንዳልተክዝ ብለው ነው። ይሄን አውቃለሁ።

ስለዚህ የዚያን ቀን ማንንም አልወቀስኩም። ውሃውን ስናስወጣ አመሸን። ጨርቁን በዱቄት ሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት፤ ቀለሙ ትንሽ ሲለቅ ሽታው አልለቅ አለ። የናፍጣ ሽታ ያለው ሸሚዝ ልጅ አይለብስም። አዲስ ጨርቅ ገዝቼ እንደገና ቆረጥኩ፤ ለእናቶቹም አንድ በአንድ እየዞርኩ እንደምዘገይ ነገርኳቸው። አንዳንዷ አዘነችልኝ፣ አንዳንዷ ተቆጣችኝ። ሁሉም ግን መጨረሻ ላይ የሚሉት አንድ ነው፤ "ክረምት ነው፣ ያልፋል።"

ሌላም የሚሉት ነገር ነበራቸው። "ሰፈሩ እንደሆነ ዛሬ ነገ ይነሳል እየተባለ ነው፤ ምን አደከመሽ?" ይሉኛል። እውነት አላቸው። ታናሽ እህቴ ካዛንቺስ ነበር የምትኖረው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄዳለች። ቤቷን አብረን ነው ያሸግነው። የኛም ተራ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ግን ይሄን ነገር ሳስብ ሰነበትኩና አንድ ቀን ለጎረቤቴ እንዲህ አልኳት፤ "ነገ የሚፈርስ ቤት ዛሬ አይጠረግም እንዴ? ውሃው ደግሞ እኛ ብንነሳም አይነሳም። ወንዝ ገብቶ ታች ያሉት ሰዎች በወንዙ በሚያጠጡት ጎመን ላይ ነው የሚደፋው።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?" አለችኝ።

"እስካሁን አላውቅም" አልኳት። ነገር ግን ዝም እንደማልል አውቄ ነበር።

መስከረም አልፎ ጥቅምት ገባ። ዝናቡ ጠፋ፤ መንገዱ አቧራ ሆነ። እኔ ግን በየጠዋቱ ደጄን ስጠርግ በክዳኖቹ መሃል ወደ ቦዩ ማየት ልማድ ሆነብኝ። ሰማይ ጠብ ሳያደርግ ስንት ጊዜ ሆኖታል፤ ቦዩ መድረቅ ነበረበት። የኔ ደጅ ጋ ያለው ግን እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። እንግዲህ ይሄ የክረምት ነገር አይደለም፤ በየሳምንቱ ከላይ የሚለቀቅ ነገር አለ ማለት ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ጋራዡ በተዘጋበት፣ ከግንበኛ ጎረቤታችን ዲጂኖ ተዋስኩ። ጎረቤቴን ጠራኋትና ሐሳቤን ነገርኳት። ከኔ ደጅ ጀምረን ክዳን በክዳን እየከፈትን ወደ ላይ እንወጣለን። ጥቁሩ የቆመበት ቦታ፣ እዚያ ነው የሚጀምረው።

"ሰው ምን ይለናል?" አለች።

"አብደዋል ይለናል።"

"እሱስ ድሮም ይሉናል" አለችና ዲጂኖውን ከእጄ ቀማችኝ።

ክዳኑ ከባድ ነው። ዲጂኖውን በስንጥቁ አስገብተን፣ ተጋግዘን ወደ ጎን እናንሸራትተዋለን፤ አይተን እንመልሰዋለን። የውሃ ኮዳ፣ ፌስታል፣ ዳይፐር፣ የአንድ እግር የልጅ ጫማ፣ ያላገኘነው ነገር የለም። ከሁሉም ስር ግን ያ ጥቁር ነገር አለ፤ ቦዩን እንደ ሬንጅ ለብሶታል። ሰዎች ከየበራቸው እየወጡ ያዩናል። አንዱ ስልክ ጠፍቶብን መስሎት ሊያግዘን መጣ። ምን እንደምንፈልግ ስንነግረው ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ።

ጎረቤቴ በር ፊት ያለውን ክዳን ስናነሳ፣ ከጥቁሩ በላይ በግድግዳው ላይ ቢጫ ሞራ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኩ። እሷ ጎንበስ ብላ አየችው። በስንጥር ነካ አድርጋ አሸተተችው። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች።

"ወይ ጉዴ! የኔ ነው።"

"ምኑ?"

"የሳምቡሳ ዘይቴ ነዋ! በአላህ፣ ይሄ ሁሉ ከኔ ብረት ድስት ነው የወጣው?" ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለችና መሳቅ ጀመረች። እኔም አላስቻለኝም፣ አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ። "ቆይ፣ ቆይ። እኛ ነን ሰው ላይ ጣት ልንቀስር የወጣነው?"

"ያንቺን አንቺ ትተይዋለሽ፤ ከዚያ ጣታችንን እንቀስራለን" አልኳት።

"ከዛሬ ጀምሮ በጀሪካን ነው የማጠራቅመው" አለች። እንዳለችውም አደረገች። ሳሙና የሚሠሩ ሴቶች ይፈልጉታል ተብላ ሰጠቻቸው፤ አሁንም ትሰጣለች።

ፀሐዩ ሲበረታ አናቱ ላይ ደረስን። የጋራዡ በር ፊት፣ ወደ ቦዩ ውሃ የሚያስገባ ፍርግርግ ብረት አለ። ብረቱም፣ ዙሪያው ያለው ሲሚንቶም በግራሶ ጠቁሯል። ከሱ በላይ፣ በአስፋልቱ በኩል ያለውን ክዳን ከፈትን፤ ውስጡ ደረቅ አፈር፣ ቅጠልና አቧራ ነው። ከሱ በታች ያለውን ከፈትን፤ ጥቁር ነው። ደግመን አየነው። የምንጠራጠርበት ነገር አልቀረም።

"እና?" አለች ጎረቤቴ፣ ላቧን እየጠረገች። "ወረዳ እንሂድ?"

"መጀመሪያ እሳቸው ጋ" አልኳት። "ብቻዬን።"

ሰኞ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ጋሼ የመኪና ሞተር ውስጥ ጎንብሰው ነበር። ሲያዩኝ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ፈገግ አሉ። "ነይ የኔ ልጅ፣ ግቢ። ቱታ የለም ዛሬ፤ ሻይ ግን አለ።"

ሻዩን አመሰገንኩና በቆምኩበት ነገርኳቸው። ስለ ጎርፉ፣ ስለ ጨርቁ፣ ክዳኖቹን ስለመክፈታችን። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

"አንቺ ነሽ ትናንት ደጄን ስትቆፍሪ የዋልሽው?"

"አልቆፈርኩም ጋሼ። ክዳን ነው የከፈትኩት።"

"ነይ እዪ" አሉኝና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። በርሜሎች በግድግዳው ስር ተደርድረዋል። አንዱን ከፈቱልኝ፤ በተቃጠለ ዘይት ሞልቷል። "እኔ ዘይት አልደፋም። ይሄን ለግንባታ ፎርም፣ ኮንክሪት ለሚፈስበት ጣውላ፣ የሚቀቡ ሰዎች እየመጡ ይወስዱታል። ማን ነው እኔን ዘይት ይደፋል ያለሽ?"

እውነታቸውን ነበር። ይሄን አልጠበቅኩም። ትንሽ ተደናገርኩ። ከጓሮ ስንመለስ ግን ዓይኔ የጋራዡ ወለል ላይ አረፈ። ሲሚንቶው በፈሰሰ ዘይትና በግራሶ ተዥጎርጉሯል፤ ጥግ ላይ ዕቃ የሚያጥቡበት የናፍጣ ገንዳ አለ፤ ከበሩ አጠገብ ደግሞ የውሃ ጎማ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

"ወለሉን የምታጥቡት መቼ ነው ጋሼ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ። ምነው?"

"በምንድን ነው?"

ጎማውን አዩት፣ ፍርግርጉን አዩት፣ ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ንዴት ብቻ አልነበረም፤ ቅያሜ ነው። "አንቺም?" አሉኝ። "ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አንቺ? ቆሻሻ የማይጥል ማን አለ? ላቫጆው የለም? ምግብ ቤቱ የለም? እኔን ነው ያገኘሽው?"

"እነሱም ጋ እሄዳለሁ። ግን ከእርስዎ ልጀምር ብዬ ነው።"

"ወረዳ ልትከሺኝ ነው?"

"ልክሰስዎት ብፈልግ ዛሬ እዚህ አልመጣም ነበር።"

"በቃ፣ ሂጂ" አሉኝ፣ ተመልሰው ሞተሩ ውስጥ እየገቡ። "ሥራ አለብኝ።"

ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ክንዴን ይዞ ያቆመኝን ሰው አስቀይሜ መጣሁ እያልኩ ነው ያለቀስኩት። ግን ማልቀሴ ሐሳቤን አላስቀየረኝም። እሳቸው ለኔ ያደረጉት ነገር አንድ ነው፤ በቦዩ የሚወርደው ነገር ሌላ ነው። ሁለቱን መለየት ከባድ ነበር፤ ያን ቀን ለየኋቸው።

በዚያ ወር መጨረሻ እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። ጋሼ እንደወትሮው ከፊት ተቀምጠዋል፤ እኔን ሰላም ሲሉ በሩቁ ነው። ለመናገር እጄን አነሳሁ። ከኔ በፊት ግን ያቺ ጎረቤቴ ተነሳች። ፈቃድም አልጠየቀች።

"እኔ የምናገረው አለኝ" አለች በዚያ ድምጿ። "የሳምቡሳ ዘይቴን ስንት ዘመን ቦዩ ውስጥ ስደፋ ነበር። በዓይኔ አየሁት፤ ተጋግሮ እንደ ግድግዳ ሆኗል። ትቻለሁ። ማንም ሳይነግረኝ እኔው ልናገር ብዬ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲበርድ አንዲት ጠላ የምትጠምቅ ሴት ከኋላ፣ "እኔም አተላዬን እዚያው ነው የምደፋው፤ ታዲያ የት ልድፋ?" አለች። አንዱ ሽማግሌ የልጅ ልጆቻቸውን ዳይፐር አነሱ። በአንዴ ሁሉም የራሱን መናገር ጀመረ። እኔም ተነስቼ ስለ ጎርፉ ተናገርኩ፤ ከላይ እስከ ታች ያየነውን ነገርኳቸው። የጋራዡን ስም ግን አልጠራሁም። "ከአናት ጀምሮ" ብቻ ነው ያልኩት። ሁሉም ገባው። ጋሼ ጠረጴዛውን እያዩ፣ "ተሰምቷል። ወደሚቀጥለው እንለፍ" አሉ።

አለፍን። ከስብሰባው በኋላ ብዙ ሰው ቆሻሻውን ወደ ቦዩ መጣል ቀነሰ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቁሩ ውሃ በደጄ ወረደ።

እንግዲህ መናገር ካልበቃ መሥራት ነው አልኩ። እኔ የማውቀው መስፋት ነው። ወፍራም የሸራ ቁርጥራጭ ነበረኝ፤ እንደ ረጅም ትራስ አድርጌ ሰፋሁት። ከእንጨት ቤቱ ሰጋቱራ በማዳበሪያ አመጣሁና ውስጡን ሞላሁት። ሦስት አራት እንዲህ ዓይነት ትራስ ሠራሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የማጠቢያው ሰዓት ሲደርስ፣ ትራሶቹን ተሸክሜ፣ ዱካዬንና በእጅ የምዘመዝመውን ልብስ ይዤ ወጣሁ። ትራሶቹን በፍርግርጉ ዙሪያ ደረደርኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ጎማ የያዘው ሠራተኛ አየኝና ቆመ። "እትዬ፣ ትንሽ ዞር ይበሉ፤ ውሃው ይነካዎታል።"

"ይንካኝ።"

ዞር ብሎ ወደ ቢሮው መስኮት አየ። ጋሼ እዚያ ቆመው ያዩናል። ውሃውን ለቀቀው። ጥቁሩ ውሃ መጥቶ ትራሶቹ ጋ ቆመ፣ ተጠራቀመ፣ መልሶ ወደ ጋራዡ ወለል ገባ። ሠራተኞቹ በዚያ ኩሬ ውስጥ ቆመው ተያዩ። ውሃው እየተጣራ እስኪያልቅ ቅዳሜያቸው አለቀ። እኔም ጨርሼ፣ ያበጡትን ትራሶች በአሮጌ ባልዲ ተሸክሜ ወረድኩ። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጥቁር ነበር።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ ወጣሁ። ከዚያም በኋላ እንደዚያው። ብርዱ ቢበረታም አልቀረሁም። ሰፈሩ "የቦዩ ዘበኛ" የሚል ስም አወጣልኝ፤ በመንገድ ሳልፍ ጎረምሶች "ዘበኛ፣ ሰላም ነው? ሺፍት መቼ ነው?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ጎረቤቴ ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ትመጣና አጠገቤ ቆማ ለሠራተኞቹም ታድላለች። "ለነሱ ደግሞ ምን ያደርጋል?" ስላት፣ "ተርበው ክፉ እንዳይሆኑብሽ" አለችኝ። ቱታ መምጣቱ ቀርቷል። ባሌ የሞተበት ቀን ሲደርስ ጋሼ ሳይመጡ የቀሩት በዚያ ዓመት ብቻ ነው። እሱ ነው ከሁሉም የጎዳኝ። ግን ቅዳሜ ሲደርስ ወጣሁ።

ሌላም ችግር ነበረብኝ። ዘይት የጠጣው ሰጋቱራ ቤቴ ጓሮ ተከማቸ። ቆሻሻ መኪና ላይ ልጥለው አልፈለግኩም፤ ከቦዩ አውጥቼ ሌላ ቦታ ከደፋሁት ምኑን ሠራሁት? በየባልዲው ሞልቶ፣ ጓሮዬ ራሱ ጋራዥ ጋራዥ መሽተት ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ከቢሮው ወጡ። ዱካ ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ እዘመዝማለሁ፤ እሳቸው ውሃውን ያያሉ።

"ባልሽ ቢኖር" አሉ በመጨረሻ፣ "እዚህ ስትቀመጪ ዝም ብሎ ያይ ነበር?"

"ባሌ ቢኖር ጋሼ፣ እዚህ የሚቀመጠው እሱ ነበር። እኔ ቤቴ ልብሴን እሰፋ ነበር።"

ሳይፈልጉ ሳቁ። ባሌን ያውቁታል፤ አንዴ ካመረረ የማይመለስ ሰው ነበር። ከዚያ ትራሱን በጫማቸው ጫን አደረጉት። "ምንድን ነው ያስገባሽበት?"

"ሰጋቱራ።"

"ሰጋቱራ ውሃ ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ ዘይቱን የት ያስገባዋል?" አሉ ተቆጥተው። ንዴታቸው ግን አሁን የባለሙያ ንዴት ነው፤ መኪና አበላሽቶ የመጣ ሰው ላይ የሚቆጡት ዓይነት። "ዘይት የሚነሳው በደረቁ ነው። ውሃ ከነካው በኋላ ማን ይይዘዋል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። እርስዎ አይደሉም የሚያውቁት?"

ብድግ አሉና፣ "ውሃውን ዝጋው!" ብለው ጮሁ። ገና ያልረጠበውን አንዱን ትራስ አነሱ፤ ከኪሳቸው ሴንጢ አውጥተው የሰፋሁትን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደዱት። ሰጋቱራውን ውሃ ያልደረሰው ወለል ላይ በተኑት። መጥረጊያ ይዘው ራሳቸው አሹት፤ ሠራተኞቹ ቆመው ያያሉ። ሰጋቱራው ጠቆረ፣ ተጠረገ፣ በአካፋ ታፈሰ። ከስሩ የወጣው ሲሚንቶ ግራጫ ነው። እኔ ያን ወለል ግራጫ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"እንዲህ ነው" አሉኝ፣ እያለከለኩ።

"እሺ" አልኩ። "እና የታፈሰው የት ይሄዳል? እኔ ጓሮዬ ሞልቷል።"

ያዩኝ አስተያየት አይረሳኝም። "እስካሁን ቤትሽ ነው ያስቀመጥሽው?"

"የት ልጣለው?"

ማታን እንኳ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት፣ ሠራተኞች ልከው ባልዲዎቼን ሁሉ አስወጡ፤ በርሜል ውስጥ ከተቱና ከደኑት። የተቃጠለ ዘይት የሚወስዱትን ሰዎች፣ "ይሄንንም ካልወሰዳችሁ ዘይት የለም" አሏቸው። ወሰዱት።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ጋሼ ተነስተው ስለ ቦዩ ንግግር አደረጉ። ጋራዡ ከእንግዲህ በደረቁ እንደሚጠረግ፣ ከፍርግርጉ ፊት አሸዋ የተሞላ ጉድጓድ እንዳስቆፈሩ፣ ትርፍራፊ ውሃ ካለ በዚያ ተጣርቶ እንደሚያልፍ ተናገሩ። "ይሄን ነገር ሳስበው ቆይቼ" እያሉ ነበር የሚናገሩት። ጎረቤቴ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ፤ "ሰማሽ? እሳቸው ናቸው ያሰቡት!" ብላ አንሾካሾከች።

"ተያቸው" አልኳት። ከልቤ ነው። ሐሳቡ የሳቸው ከሆነ እሳቸው ይጠብቁታል።

ደግሞም ጠበቁት። ይቅርታ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። አንድ ማክሰኞ ሠራተኛቸው የተቀደደ ቱታ በፌስታል ይዞ መጣ። ያን ቱታ ከማንኛውም ሙሽራ ልብስ አስበልጬ ነው የጣፍኩት።

ላቫጆው ጋ እና ምግብ ቤቱ ጋ የሄድነው እኔና ጋሼ አንድ ላይ ነው። ምግብ ቤቱ በቶሎ ተስማማ። ላቫጆው አስቸገረን። ተደራጅተው መኪና የሚያጥቡ ወጣቶች ናቸው፤ "ጋሼ፣ ማለቴ፣ እኛ ውሃ ነው የምንጠቀመው፣ ሳሙና ነው፣ ምን ችግር አለው?" ይላሉ። አንዴ እሺ ይላሉ፣ አንዴ ይረሳሉ። እስከዛሬም እንደዚያው ናቸው። እድሩ ደግሞ ለወረዳው አመለከተና ሠራተኞች መጥተው የተጋገረውን ደለል ጠርገው አወጡት። ከዚያ ወዲህ ክረምት ከመግባቱ በፊት ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ክዳን ይከፍታል፤ እኔና ጎረቤቴ ብቻ አይደለንም።

የሚቀጥለው ሐምሌ ኃይለኛ ሆኖ ገባ። አንድ ቀን ሰማዩ ተቀደደ። ጨርቄን ሁሉ አልጋ ላይ ከምሬ በሩ ላይ ቆምኩ። ቦዩ በክዳኖቹ ስር ያገሳል፤ ውሃው እስከ አፉ ሞላ፣ በስንጥቁ ተፍ ተፍ አለ። በሬ ጋ ደርሶ ትንሽ ገባ። ጎንበስ ብዬ እጄን ነከርኩት። ቡናማ ነበር፤ የአፈር ሽታ አለው፤ ጣቴ ላይ የቀረው ጭቃ ብቻ ነው። ጭቃ አይቼ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባልዲዬን አምጥቼ እየሳቅኩ አስወጣሁት።

ሰፈሩ እስካሁን አልተነሳም። ይነሳል ይላሉ፣ ይቆያል ይላሉ። እኔ መጠየቅ ትቻለሁ።

በቅርቡ ላንቻ የምትኖር ደንበኛዬ ቀሚስ ልትለካ መጣች። ልኳን የምይዝበትን ስፒል አፌ ውስጥ ይዤ ስዞራት፣ ስለ ቅያሳቸው ታወራኛለች፤ እነሱም ጋ ጋራዥ አለ፤ ቦያቸው ይሸታል፤ ልጆቿ በዚያ ውሃ ላይ ይጫወታሉ። ስፒሉን ከአፌ አወጣሁና፣ "ቅዳሜ እመጣለሁ" አልኳት።

ለጋሼ ስነግራቸው፣ "አንቺ ብቻሽን ምን ታውቂያለሽ?" አሉኝና ኮታቸውን ለበሱ። ላንቻ አብረን ሄድን፤ ጎረቤቴም ብረት ድስቷን አውርዳ ተከተለችን። የዚያ ጋራዥ ባለቤት ወጣት ሰው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ሰማን። ጋሼ እንደ ሙያ ባልደረባ ስለ ዘይት፣ ስለ ሰጋቱራ፣ ስለ አሸዋ ጉድጓዱ አስረዱት። ሰውየው አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ እኛን ያያል።

"ጋሼ፣ በቃ፣ አስብበታለሁ" አለ በመጨረሻ።

ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ። "አስብበት" አሉት። "እኛም እንመለሳለን።" በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለስን። አሁንም እያሰበበት ነበር፤ ወለሉን ግን ገና አላጠበውም። ጎረቤቴ የሳምቡሳውን ወረቀት ፈታች፣ እኔ ደግሞ ከሸራ ከረጢቴ ሰጋቱራውን አወጣሁና፣ "መጥረጊያ የት ነው ያለው?" ብዬ ጠየቅኩት።